«የድሬዳዋ ዛፍ»፦ ድሬዳዋ ያልተወለደው፣ ሐዋሳን ያደመቀው ዛፍ ታሪክ

ሐዋሳ ውስጥ ደረቁ ወቅት አልቆ ዝናቡ ሊገባ ሲል አንድ ዛፍ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ ይታያል። ቅጠሉን አራግፎ ደረቀ ሲባል፣ ከግንዱ በላይ ያለው አካሉ ድንገት እሳት የተለኮሰበት ይመስላል። ቀዩ አበባ አስፋልቱ ላይ ይረግፋል፣ የባጃጅ ጣራ ላይ ያርፋል፣ ጥላው ሥር ለተቀመጠ ሊስትሮ ምንጣፍ ይሆናል። የከተማዋ እንግዳ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳው ከሐይቁ ቀጥሎ ይህንን ነው።

ስሙ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው «የድሬዳዋ ዛፍ» ይላል። ስሙ ግን ግማሽ እውነት ነው። ዛፉ ድሬዳዋ አልተወለደም። ሐዋሳም አልተወለደም። በአፍሪካ ዋና ምድርም ቢሆን ተፈጥሯዊ መኖሪያ የለውም። ትውልዱ ከአንዲት ደሴት ብቻ ነው፤ ከማዳጋስካር። ከዚያች ደሴት ተነስቶ ሐዋሳ ጎዳና ላይ እስኪቆም ድረስ የተጓዘው መንገድ የነገሥታት፣ የቅኝ ገዥዎች፣ የባቡር ሐዲድና የከተማ ፕላን ታሪክ ነው። ስለዚህ ታሪኩ የአበባ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ዛፉ ከባቄላና ከአተር ጋር የሚዛመድ የጥራጥሬ ቤተሰብ ነው። ይህን ለማመን ፍሬውን ማየት ይበቃል። የባቄላን ሽፋን የሚመስል፣ ግን እንደ እንጨት የጠነከረና እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ጥቁር ቡናማ ፍሬ አለው፤ ሲነቀነቅ ዘሮቹ ውስጡ ይንኳኳሉ። አበባው አምስት ቅጠሎች አሉት። አራቱ ደማቅ ቀይ ናቸው፤ አምስተኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ በነጭና በቢጫ የተዥጎረጎረ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ «ዴሎኒክስ ሬጂያ» ሲሆን «ሬጂያ» ንጉሣዊ ማለት ነው። ፈረንሳዮች «ፍላምቦያን» ይሉታል፤ የሚንበለበል እንደማለት።

ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባበት መንገድ ራሱ አስገራሚ ነው። ቬንስላስ ቦየር የሚባል የቦሂሚያ (የዛሬዋ ቼክ) ተወላጅ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ከሞሪሸስ እየተነሳ ማዳጋስካርን ይጎበኝ ነበር። ጊዜው እንግሊዝ ከማዳጋስካሩ ንጉሥ ከራዳማ ቀዳማዊ ጋር የተወዳጀችበት ወቅት ነው። ቦየር ዛፉን ያገኘው በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ በፉልፖይንት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 እንግሊዝ ውስጥ በሚታተም የዕፅዋት መጽሔት ላይ ከነሥዕሉ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያገደው አልነበረም። ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ ረጅም የባሕር ጉዞ ይችላል፤ ቶሎ ያድጋል፤ ሰፊ ጥላ ይሰጣል። ሙቀት ያስጨነቃቸው የቅኝ ግዛት ሹማምንት ደግሞ ከዛፍ የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከሕንድ እስከ ካሪቢያን የገዥዎችን ቤት፣ የጦር ሰፈርንና የወደብ ከተሞችን ጎዳና ሞላው።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ዓለም ይህን ዛፍ ጎዳናው ላይ ሲተክል የዱር መኖሪያው የት እንደሆነ አያውቅም ነበር። ቦየር ያየው ሰው በሚኖርበት ጠረፍ ነው። ተመራማሪዎች በምዕራብ ማዳጋስካር ደረቅ ደን ውስጥ ራሱን ችሎ በዱር ሲበቅል ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። አንድ መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የዓለም ከተሞች ዝነኛ ጌጥ የነበረው ዛፍ የትውልድ ቀዬው ሳይታወቅ ኖረ። ያ ደን ደግሞ ዛሬም ለከሰልና ለእርሻ እየተመነጠረ ነው።

በየደረሰበት አገር አዲስ ስም ወጣለት። ሕንዶች «ጉልሞሐር» አሉት። በታንዛኒያ በታኅሣሥ ስለሚያብብ የገና ዛፍ የሚሉት አሉ። ቬትናማውያን «የፊኒክስ አበባ» ብለውት የትምህርት ዘመን መዝጊያ ምልክት አደረጉት፤ ሲያብብ ተማሪዎች ይለያያሉና። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ለረጅም ጊዜ «ሮያል ፖይንሲያና» ሲሉት ኖረዋል። ይህ ስም የመጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የካሪቢያን ደሴት አስተዳዳሪ ከነበረው ፈረንሳዊ ከደ ፖይንሲ ነው። ሰውየው የሞተው ዛፉ በሳይንስ ከመታወቁ ከ160 ዓመት በላይ ቀድሞ ስለሆነ በዓይኑ አላየውም። ያላየውን ዛፍ በስሙ አስጠራ። ስም ማለት ብዙ ጊዜ የእውነት ሳይሆን የሥልጣን መዝገብ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ስሙ የሚመሰክረው መንገድ

ኢትዮጵያ ውስጥም ስሙ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. 1896 ለኢትዮጵያ የአድዋ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት፣ ከአድዋ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ፈረንሳይ ማዳጋስካርን በሕግ ቅኝ ግዛቷ አደረገች፤ በቀጣዩ ዓመት የመጨረሻዋን ንግሥት ራናቫሎና ሣልሳዊትን ለስደት ዳረገች። አንድ ዓመት፣ ሁለት አፍሪካዊ መንግሥታት፣ ሁለት ተቃራኒ ዕጣ። ነፃ የቀረችው ኢትዮጵያ ግን ከፈረንሳይ ጋር ሌላ ጉዳይ ነበራት፤ የባቡር ሐዲድ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ፤ በደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ድሬዳዋ ይህች ናት።

ከዚራ የሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና ዛፎች ያሉት፣ በፈረንሳይ አሠራር የተሠራ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነው። በቆላ ሙቀት ውስጥ ሐዲድ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ጥላ ይፈልጋል። «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ስም የሚናገረው የአገሬው ዓይን ከዚህ ዛፍ ጋር የተዋወቀው በዚያች የባቡር ከተማ መሆኑን ነው። መሐል አገር ያለ ሰው ዛፉ ከየት ባሕር ማዶ እንደመጣ አላወቀም፣ ማወቅም አላስፈለገውም። ያየው ድሬዳዋ ነው፤ የድሬዳዋ አለው።

ኢትዮጵያውያን እንግዳ ዛፍን የሚሰይሙበት መንገድ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በማገዶ እጥረት ስትጨነቅና ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ሲነሳ ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ «ባሕር ዛፍ» ተባለ፤ ከባሕር ማዶ መጣ ለማለት። በደርግ ዘመን አፋር ምድር የገባውንና ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የወረረውን ፕሮሶፒስ አፋሮች «ደርጊ ሀራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ። እሱም እንደ ድሬዳዋው ዛፍ የጥራጥሬ ቤተሰብ ነው። አንዱ ከተማ አሳመረ፤ ሌላው የአርብቶ አደሩን ግጦሽ በላ። ስሞቹ ግን አንድ ሥራ ይሠራሉ። ዛፉ መቼና በማን በኩል እንደመጣ ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ መዝግቦ አስቀምጧል። ሰነድ ቢጠፋ ስም አይጠፋም።

ሐዋሳ፦ ዛፍ የተተከለባት ከተማ

ሐዋሳ ከእነ ጎንደርና ሐረር የምትለየው በዕድሜዋ ነው። በ1952 ዓ.ም.፣ ራስ መንገሻ ሥዩም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪነት በነበሩበት ዘመን አካባቢ፣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ በፕላን የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቀጥ ያሉና ሰፋፊ ጎዳናዎች ተሰመሩ፤ በሐይቁ ዳር የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት እየተሰጣቸው ሰፈሩ። በሂደትም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ እሷ ዞረ።

ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። ሲዳማዎች «አዳሬ» የሚሉት፣ ከብት የሚሰማራበት ሰፊ መስክ ነበር። ያ ስም ዛሬም በከተማዋ ሆስፒታል ላይ ይነበባል። «ሐዋሳ» የሚለውም የሲዳምኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሰፊ ውኃ ማለት ነው። መስኩ ወደ ከተማ ሲለወጥ ከብቱም ባለ ከብቱም ተገፋ። የከተማዋን ውበት የሚያነሳ ሰው ይህንንም አብሮ ቢያነሳ ታሪኩ ይሞላል።

አዲስ ከተማ ሲቆረቆር አዲስ ዛፍ ይተከላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ውስጥ ለተሰመረ ጎዳና ቶሎ የሚደርስ ጥላ ያስፈልጋል። አገር በቀሉ ጥቁር እንጨት ጊዜ ይጠይቃል፤ የድሬዳዋ ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጃንጥላውን ይዘረጋል። እንደ እሱ ሁሉ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ሐምራዊ አበባ ያለው ጃካራንዳና ከአውስትራሊያ የመጣው ግራቪሊያም የከተማዋ ነዋሪ ሆኑ። ሐዋሳ የዓለም ዛፎች የተሰበሰቡባት ከተማ ሆነች። እነዚህ ዛፎች ባይኖሩ «ውቧ ሐዋሳ» የሚለው ስም ባልተጣበቀባትም ነበር።

ሆኖም በዚያችው ከተማ ሌላ ዓይነት ዛፍም አለ። በሐይቁ ዳር የቆሙት ግዙፍ የሾላ ዛፎች ከጎዳናው ዛፎች ይቀድማሉ፤ ከከተማዋም የሚቀድሙ አሉ። ማንም በሰልፍ አልተከላቸውም። ሲዳማ ሽማግሌዎቹን ለሸንጎ የሚያስቀምጠው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። የዘመን መለወጫው ፍቼ ጫምባላላ፣ አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን ከቆረጡ በኋላ፣ ሐዋሳ ውስጥ ሕዝብ የሚሰበሰብለት በጉዱማሌ ነው። ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2015 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ጭፈራውንና ምግቡን ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚሰበሰብበትን ሥርዓት ጭምር ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ደግሞ ቦታና ጥላ ይፈልጋል።

ስለዚህ ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥላ አለ። አንደኛው ሰው የሚያልፍበት ጥላ ነው፤ የጎዳናው። ሁለተኛው ሰው የሚቀመጥበት ጥላ ነው፤ የሸንጎው። የድሬዳዋ ዛፍ የመጀመሪያውን በሚገባ ሰጥቷል። ሁለተኛውን ይሰጣል ተብሎ አልተተከለም።

የተረሱት የአገር ልጆች

ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል። ሐዋሳ ቀይ አበባ ከማዳጋስካር፣ ሐምራዊ አበባ ከደቡብ አሜሪካ ስታስመጣ በደጇ ምን ነበራት?

ቀይ ነበራት። ኮርች የሚባለው ዛፍ በዓለም ላይ በተፈጥሮው የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ብርቱካናማ ቀይ አበባ ያወጣል፤ እሱም የጥራጥሬ ቤተሰብ ነው። ኦሮሞዎች «ወሌንሱ»፣ ሲዳማዎች «ወላኮ» ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙ «ኤሪትሪና ብሩሲ» የተባለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን በጎበኘው በስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እነሆ እንደገና፣ የአገሬው ስም እያለ የእንግዳ ስም መዝገብ ላይ ወጣ። የደቡብ ገበሬ ኮርችን አጥር ያደርገዋል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ መሬቱን እንደሚያዳብር ያውቃል። ከሥሩ ጋር የሚኖሩ ተህዋስያን ከአየር ናይትሮጅን ይዘው አፈሩን ያለማሉና ያለ ዋጋ የሚገኝ ማዳበሪያ ነው።

ሐምራዊም ነበራት። ብርብራ እንዲሁ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ የጥራጥሬ ዛፍ ነው። ሐምራዊ አበባው ሲንዠረገግ ከጃካራንዳ የሚያንስ ውበት የለውም። የሲዳማ ቡና በብዙ ቦታ የሚያድገው በብርብራ ጥላ ሥር ነው። የፍሬው ዱቄት ዓሣ ማደንዘዣ ሆኖ ሲያገለግል ስለኖረ የወንዝና የሐይቅ ዳር ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሁለቱም ዛፎች በሐዋሳ ከፍታ ይበቅላሉ። ለከተማዋ ቅርብ የሆነው የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅም እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የደን ባለሙያ ሲያፈራ ኖሯል። ዕውቀቱም ዘሩም ሩቅ አልነበረም።

ይባስ ብሎ፣ የድሬዳዋ ዛፍ የቅርብ ዘመዶችም ኢትዮጵያ ውስጥ አሉ። ዴሎኒክስ ከሚባለው ወገን አብዛኞቹ የማዳጋስካር ብቻ ቢሆኑም፣ ሁለቱ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደረቅ ቆላ በተፈጥሮ ይበቅላሉ። አንደኛው ሲፈካ ነጭ ሆኖ ሲጠወልግ ወደ ብርቱካናማ ቢጫ የሚለወጥ አበባ አለው። የባሕር ማዶው ዘመድ በየከተማው አደባባይ ሲከበር፣ የአገሩ ልጅ በቆላው ቁጥቋጦ መሐል ስም ጠሪ አጥቶ ቆሟል።

ይህ ማለት የድሬዳዋ ዛፍ ይነቀል ማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። አንድ ትልቅ ዛፍ የሚሰጠውን ጥላ አንድ ሺህ ችግኝ በአንድ ዓመት አይተካውም። ዛፉ እንደ ፕሮሶፒስ ግጦሽ አልወረረም፤ ሰው አላፈናቀለም። ግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሆናት ከተማ ውስጥ የሰው ትዝታ አካል ሆኗል፤ ከሥሩ የተጠናኑ፣ ከሥሩ የተማሩ፣ ከሥሩ ሸቅጠው ልጅ ያሳደጉ አሉ። ዜግነት በትውልድ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎትም የሚገኝ ከሆነ፣ ይህ ዛፍ አግኝቷል።

ጉድለቱ ግን ይነገር። ሥሩ ወደ ጎን ስለሚሄድ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ይፈነቅላል። ቅርንጫፉ በኃይለኛ ነፋስ ይሰበራል። ቅጠሉን የሚያራግፈው ደግሞ ጥላ በጣም በሚያስፈልግበት በደረቁ ወራት ነው። ኮርችም እሾሃም ነው፤ ብርብራም በዝግታ ይደርሳል። እንከን የሌለው ዛፍ የለም። ብልህ ከተማ የምታደርገው እያንዳንዱን ለሚሆንለት ቦታ መምረጥ ነው፤ ለጠባቡ የእግረኛ መንገድ አንዱን፣ ለሰፊው አደባባይ ሌላውን።

ለምን አሁን?

ጉዳዩ ዛሬ የሚነሳበት ምክንያት አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ በቢሊዮን በሚቆጠር ችግኝ ይነገራል። ሐዋሳን ጨምሮ በየከተማው የኮሪደር ልማት መንገድ ያሰፋል፣ ዳርቻ ያስውባል። የመንገድ ማስፋት ሥራ ባለበት ሁሉ ደግሞ አንድ ውሳኔ አለ፤ የቆመው ዛፍ ይቆረጣል ወይስ መንገዱ ትንሽ ዞር ይላል? በተቆረጠው ምትክ የሚተከለውስ ምንድን ነው? እነዚህን ውሳኔዎች ብዙ ጊዜ የሚወስነው የአገር ታሪክም የአፈር ዕውቀትም አይደለም። በችግኝ ጣቢያው የተገኘው ይተከላል። ችግኝ ጣቢያው የሚያፈላው ደግሞ አምና ዘሩ የተለቀመውን ነው፤ አምና የተለቀመው ጎዳና ላይ ያለውን ነው። እንግዳው ዛፍ ራሱን እየደገመ፣ የአገሩ ልጅ ደግሞ ዘሩን የሚለቅምለት እያጣ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ክፋት አያስፈልገውም፤ ልማድ ይበቃዋል።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ሲዳማ ክልል ከሆነ ወዲህ ሐዋሳ የማን ናት፣ ምን ትመስላለች የሚለው ጥያቄ በፖለቲካ መድረክ ሲነሳ ቆይቷል። የሕንፃ ስም፣ የአደባባይ ስም፣ የበዓል ቦታ ተነስቷል። ዛፍ ግን እምብዛም አልተነሳም። ያም ሆኖ አንድ ከተማ ለአምሳና ስድሳ ዓመት የምትጽፈው ጽሑፍ ቢኖር የምትተክለው ዛፍ ነው። ሐውልት በመንግሥት ለውጥ ይነሳል፤ የመንገድ ስም በአንድ ስብሰባ ይለወጣል፤ ዛፍ ግን ሦስት መንግሥት ያያል። በሐዋሳ ጎዳና ላይ ያሉት አንጋፋ ዛፎች ዘውዱንም፣ ደርግንም፣ ኢሕአዴግንም አይተዋል።

ማዳጋስካርም የምታስተምረው አለ። የአንድ ዛፍ ዝና ለትውልድ ቀዬው ዋስትና አይሆንም። ፍላምቦያን በዓለም ከተሞች ሁሉ ስለተተከለ፣ ምዕራብ ማዳጋስካር ያለው ደኑ ከመጥረቢያ አልዳነም። ጎዳና ላይ ያለው ዛፍ ጌጥ ነው፤ ደን ውስጥ ያለው ግን ከወፉ፣ ከነፍሳቱና ከአፈሩ ጋር የተሳሰረ ሕይወት ነው። ኮርችና ብርብራም እንደዚሁ ናቸው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የተፈጥሮ ቤት የላቸውምና እዚህ ከጠፉ «ከሌላ አገር እናስመጣለን» የሚባልበት ቦታ የለም።

የሚያስፈልገው ነገር ትልቅ በጀት አይደለም። የከተማው ችግኝ ጣቢያ በሚቀጥለው ክረምት ከሚያፈላው ችግኝ መካከል ለኮርችና ለብርብራ መደብ ቢያወጣ፣ መንገድ ሲሰፋ የቆመው ዛፍ በባለሙያ ታይቶ ሳይወሰን ባይቆረጥ፣ ትምህርት ቤቶች የዛፎቹን ሲዳምኛና አማርኛ ስም ከነታሪካቸው ቢያስተምሩ ይበቃል። የድሬዳዋ ዛፍም በቦታው ይቆይ፣ ያብብ። ከባሕር ማዶ መጥቶ ከተማ ላሳመረ እንግዳ ክብር ይገባዋል። የእንግዳ ክብር ሙሉ የሚሆነው ግን የቤት ልጅ ደጅ ሳያድር ነው።